የወደቀ ግንድና ምሳሩ፦ ደጋፊዎች ስለ አንድ ኳርተርባክ ሲከራከሩ ጋዜጠኛው ምን ይጽፋል?

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ይህ አባባል በደንብ ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የስፖርት ሜዳ ነው። ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ ደጋፊው ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጥፋተኛው አንድ ሰው ቢሆን ደግሞ ይመቸዋል፤ አሥራ አንድ ሰው ከመውቀስ አንዱን መውቀስ ይቀላላ! ችግሩ የሚመጣው ጋዜጠኛውም ምሳሩን ይዞ ሲሰለፍ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የደጋፊዎች ክርክር እንዴት እንደሚሠራና የስፖርት ዘጋቢ በመካከሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ለምሳሌነት የመረጥኩት ከእኛ ሰፈር ራቅ ያለ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል። ለምን ቢባል ስለ አርሴናል ወይም ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ብጽፍ ከአንባብያን ግማሹ ገና ርዕሱን ሲያይ ወገን ይይዛል፤ እኔም ጭምር። ስለ ካሮላይና ፓንተርስ የሚጣላ ሰው ግን በዲፓርትመንታችን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ስሜታችን ሳይገባበት የክርክሩን አካሄድ ብቻ ማየት እንችላለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው በአጭሩ

በአሜሪካን ፉትቦል እንደ እግር ኳሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከእነሱ መሀል ኳርተርባክ የሚባለው ማጥቃቱን ይመራል። ኳሱን ተቀብሎ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለሚሮጡት ተቀባዮች ይወረውራል፣ ወይም ለሌላ ሰው ያቀብላል፣ ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። በዚያች አጭር ጊዜ ተጋጣሚ እንዳይደርስበት ከፊቱ የሚቆሙ አምስት ግዙፍ ጠባቂዎች አሉ፤ ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ። እነሱ ከተጣሱ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይለቅ ተይዞ ይወድቃል፤ ይሄ ሳክ ይባላል። የወረወረውን ኳስ ተጋጣሚ ከቀለበው ደግሞ ኢንተርሴፕሽን ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ድራፍት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ አዳዲስ ተጫዋቾችን ክለቦች በየተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ወቅት መጨረሻ የወጣው ቡድን የመጀመሪያውን ምርጫ ያገኛል። ስለዚህ እንደገና በመገንባት ላይ ያለ ቡድን ደጋፊ ቢያንስ አንድ መጽናኛ አለው። ዘንድሮ ብንሸነፍ ለከርሞ ጥሩ ልጅ እንመርጣለን ይላል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ካሮላይና ፓንተርስ መቀመጫው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በሻርሎት ከተማ ነው። የ2022 ወቅትን በ7 ድልና በ10 ሽንፈት ስለጨረሰ በ2023 ድራፍት የነበረው ተራ 9ኛ ነበር። ክለቡ ግን የራሴ የምለው ኳርተርባክ ያስፈልገኛል ብሎ በመጋቢት ወር ከቺካጎ ቤርስ 1ኛውን ተራ ገዛ። የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። የዚያን ዓመት ሁለት ምርጫዎች፣ የ2024 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ የ2025 ሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ በዚያ ላይ ዋነኛ ተቀባዩን ዲ.ጄ. ሙርን ሰጠ። በተራው የመረጠው የአላባማ ዩኒቨርሲቲውን ብራይስ ያንግን ነው። ያንግ በ2021 የሀይስማን ዋንጫን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ትልቁን የግል ሽልማት ያሸነፈ ልጅ ነው። ሲመረጥ ዕድሜው 21 ነበር፤ እኔና የክፍሌ ልጆች አሁን ያለንበት ዕድሜ ማለት ነው።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። በ2023 ወቅት ፓንተርስ 2 ጨዋታ አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ ከሊጉ መጨረሻ ወጣ። ያንግ 11 ተችዳውን ወርውሮ 10 ኢንተርሴፕሽን ፈጸመ፤ 62 ጊዜ ሳክ ተደረገ። አሠልጣኙ ፍራንክ ራይክ ከ11 ጨዋታ በኋላ ተባረሩ። ያቺ የመጽናኛ ነጥብ አሁን ትመጣለች፦ መጨረሻ በመውጣት የሚገኘው የ2024ቱ 1ኛ ምርጫ ለቺካጎ ተሰጥቷል! ቺካጎዎች ኬሌብ ዊሊያምስ የተባለውን ኳርተርባክ መረጡበት። የካሮላይና ደጋፊ ሽንፈቱን እሱ ተሸከመ፣ ካሳውን ሌላው ወሰደ። እንግዲህ ትዕግሥት ከየት ይምጣ? የደጋፊውን ንዴት ሳይረዳ ንዴቱን የሚዘግብ ጋዜጠኛ ደጋፊውን እብድ አድርጎ ይስለዋል። ንዴቱ ግን ምክንያት ነበረው።

ሁለቱ ወገኖችና ማስረጃዎቻቸው

የመጀመሪያው ወገን «ልጁ አይችልም» ይላል። ዋና ማስረጃው ንጽጽር ነው። በዚያው ድራፍት 2ኛ የተመረጠው ሲ.ጄ. ስትራውድ ወደ ሂውስተን ቴክሳንስ ሄዶ በመጀመሪያ ዓመቱ 23 ተችዳውንና 5 ኢንተርሴፕሽን ብቻ አስመዘገበ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋችም ተባለ። ሂውስተንም እኮ ከውድቀት የሚነሳ ቡድን ነበር፤ በ2022 ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። ታዲያ እዚያ የተቻለው እዚህ ለምን አልተቻለም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ቁመት ነው። ያንግ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ነው፤ ከፊቱ የሚቆሙት ጠባቂዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ናቸው። በእነሱ መሀል አሻግሮ ማየት ይከብደዋል ይላሉ።

ሁለተኛው ወገን «ልጁ ሳይሆን ቤቱ ነው የፈረሰው» ይላል። 62 ጊዜ የወደቀ ሰው የት ቆሞ ይወርውር? ዋናው ተቀባይ ተሽጧል፣ አሠልጣኙ በመሀል ተባሯል። ሙር በዚያው ወቅት በቺካጎ 1,364 ያርድ ተቀበለ፤ ይሄ ለያንግ ሊሆን ይችል የነበረ እጅ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን የእነዚህን ሰዎች አቋም በደንብ ይገልጸዋል።

ሁለቱም ወገኖች ታሪክ ይጠቅሳሉ። የትዕግሥቱ ወገን ትሮይ ኤይክማንን ይጠራል። ኤይክማን በ1989 1ኛ ተመርጦ ዳላስ ካውቦይስ ገባና በመጀመሪያ ዓመቱ ከተሰለፈባቸው 11 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። ኋላ ግን ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውል አነሣ። ሌላው ወገን ደግሞ በ2007 1ኛ ተመርጦ በ2010 ከኦክላንድ ሬይደርስ የተሰናበተውን ጃማርከስ ራስልን ይጠራል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ ያንግ ምንም አያረጋግጡም። እያንዳንዱ ወገን ከታሪክ የሚያመጣው መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ነው። ያንግ መጨረሻው ገና አልተጻፈም።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ አንድ ቁጥር ነው። በአሜሪካ ዘገባ የቡድኑ ድልና ሽንፈት በኳርተርባኩ ስም ይመዘገባል። በ2023 «ያንግ 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈ» ይባላል። ነገር ግን በጥቅምት 29 ቀን 2023 ፓንተርስ የወቅቱን የመጀመሪያ ድል ያገኘው በማን ላይ ይመስላችኋል? በስትራውድ ሂውስተን ላይ፣ 15 ለ 13! እንግዲህ በዚህ አቆጣጠር ከሄድን ያንግ ስትራውድን አሸንፏል። ሁለቱ ግን በሜዳ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ከመስመር ውጪ ተቀምጦ ነው የሚያየው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው።

ፈተናው፦ 2024

አንዳንድ ጊዜ ክርክርን የሚፈትን አጋጣሚ ይመጣል። ፓንተርስ ለ2024 አዲስ አሠልጣኝ ዴቭ ካናሌስን ቀጠረ፤ ሮበርት ሃንትና ዴሚየን ልዊስ የተባሉ ሁለት ጠባቂዎችንም በብዙ ገንዘብ አመጣ። የሃንት ብቻ በ5 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማለትም ክለቡ የሁለተኛውን ወገን ክርክር ተቀብሎ ግድግዳውን አደሰ።

ውጤቱስ? የመጀመሪያው ጨዋታ በኒው ኦርሊንስ ሴንትስ 47 ለ 10 ሽንፈት፤ ሁለተኛው በሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ 26 ለ 3 ሽንፈት። ካናሌስ ያንግን አስቀምጠው አንጋፋውን አንዲ ዳልተንን አሰለፉ። ዳልተን በመጀመሪያ ጨዋታው ላስ ቬጋስ ሬይደርስን 36 ለ 22 አሸነፈ። በቃ፣ በዚያ ሳምንት ክርክሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ያው ግድግዳ፣ ያው አሠልጣኝ፣ ያው ተቀባዮች፤ የተለወጠው አንድ ሰው ብቻ። «ልጁ አይችልም» ያለው ወገን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ዳልተን በተከታዮቹ ጨዋታዎች ተሸነፈ። በጥቅምት ወር ደግሞ በመኪና አደጋ እጁ ተጎዳና ያንግ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ በተሰለፈባቸው 10 ጨዋታዎች ቡድኑ 4 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፤ በመጨረሻው ጨዋታ አትላንታ ፋልከንስን በተጨማሪ ሰዓት 44 ለ 38 ረታ። በወቅቱ በሙሉ ያንግ ሳክ የተደረገው 29 ጊዜ ነው፤ ካለፈው ዓመት ከግማሽ በታች። የተጫወተው ጨዋታ ቁጥር በመጠኑ ማነሱን ብንቀንስ እንኳ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ታዲያ ማን ትክክል ነበር? የእኔ ንባብ ሁለቱም ከፊል ትክክል ነበሩ የሚል ነው። ግድግዳው ተጠግኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ልጁ ወድቋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ በሙሉ የግድግዳው አልነበረም። ያው ልጅ ተመልሶ ደግሞ ተሻሽሏል፤ ስለዚህ «አይችልም» የሚለው ፍርድ ተቻኩሏል። በ2025 ወቅት ፓንተርስ በ8 ድልና በ9 ሽንፈት ምድቡን መርቶ ከ2017 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ ገባ። አንዱ ወገን «ምድቡን መራ» ሲል ሌላው «ከግማሽ በላይ ተሸነፈ» ማለት ይችላል። ያው አንድ መስመር ለሁለቱም ያገለግላል!

ለእኛስ ምን ትምህርት አለው?

ከዚህ ጉዳይ ለዘገባ የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች ለይቻለሁ።

አንደኛ፣ ቁጥሩ የማን ነው? ኢንተርሴፕሽን በአብዛኛው የወርዋሪው ነው። ሳክ የወርዋሪውም የጠባቂዎቹም ነው፤ ኳሱን ከልክ በላይ የሚያቆይ ኳርተርባክ ጥሩ ጠባቂ እያለውም ይወድቃል። ሽንፈት ግን የሁሉም ነው። ከመጻፋችን በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ባለቤቱ እንመልስ። በእግር ኳሳችንም ይሄው ነው፤ ግብ ጠባቂው 4 ግብ ተቆጠረበት ከማለታችን በፊት ተከላካዮቹ የት ነበሩ ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ንጽጽሩ እኩል ነው ወይ? ያንግና ስትራውድ በአንድ ቀን ተመረጡ እንጂ በአንድ ቤት አልገቡም። ንጽጽር አይደረግ ማለቴ አይደለም፤ ሲደረግ ልዩነቱ አብሮ ይጻፍ ነው የምለው።

ሦስተኛ፣ ግሱ ምን ይላል? ከቻርጀርሱ ጨዋታ በኋላ ሁለት ርዕሶች እንዳዘጋጅ ብታዘዝ፣ አንደኛው «ያንግ ቡድኑን በድጋሚ አዋረደ» ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «ፓንተርስ 26 ለ 3 ተሸነፈ፤ ያንግ በሙሉ ጨዋታው በውርወራ ያገኘው 84 ያርድ ብቻ ነው» ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ለስለስ ያለ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ሁለተኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ማምለጫ የለውም። «አዋረደ» የዘጋቢው ስሜት ነው፤ ተጫዋቹ «ጠልቶኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። 84 ያርድን ግን ማንም ጠላት አልፈጠረውም። ፍትሐዊ መሆንና ማለሳለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኤፍ.ኤም. ሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራሞች አድማጭ ደውሎ «ይሄ ልጅ ይባረርልን» ሲል አዘጋጁ ብዙ ጊዜ ወይ አብሮ ይስቃል ወይ አብሮ ይራገማል። ደጋፊ መናደድ መብቱ ነው፤ ትኬት የከፈለው፣ ዕንቅልፍ ያጣው እሱ ነው። ሚዛን እንዲይዝ ልናስገድደው አንችልም፣ አይገባምም። የእኛ ሥራ ግን ሌላ ነው። ደዋዩን «የትኛውን ጨዋታ አይተህ ነው? የቱ ስሕተት የእሱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ አንድ ደቂቃ ስድብን ወደ ክርክር ትለውጣለች።

በአጠቃላይ፣ በሜዳ ላይ የሚወድቁት ልጆች አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ነገ እኛ ማይክ ወይም ብዕር ስንይዝ ስለ እነሱ የምንናገረው ቃል ከውጤት ሰሌዳው በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ግንዱ ወድቆ ከሆነ ወድቋል ብለን እንጻፍ። ከመጻፋችን በፊት ግን ሥሩን፣ አፈሩንና ነፋሱን እንመርምር።