የመቀሌ መብራት ከውኃና ከነፋስ
ብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያገኙት ጋዝ በማንደድ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ያን ትተው ወደ ውኃ፥ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ ለመዞር ይደክማሉ። ኢትዮጵያ ግን አብዛኛውን ኀይል የምታወጣው ከወንዞቿ ነው። ችግሩ ወንዝ በበጋ መጉደሉ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ (300 ሜጋዋት) እንኳ ዝናም ሲርቅ ውኃው ይቀንሳል። ነፋስ ደግሞ በክረምት ይደክማል፥ በበጋ ይበረታል፤ በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ የቆሙትም 84 መዘውሮች በ2006 ዓ.ም. ሲመረቁ ኀይላቸው 120 ሜጋዋት ነበረ። መምህር ውኃውን በጎተራ እንዳለ እህል፥ ነፋሱን ግን በዕለቱ እንደሚበላ እሸት አድርጎ ቢመስለው ለልጆች ይገባቸዋል፤ እሸቱ ሲበላ ጎተራው ይቈያልና። ይሁን እንጂ ግድቡም መዘውሩም ያለ ሽቦ አይረቡም፤ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ መቀሌ ከአገሪቱ ዋና መስመር ለብዙ ጊዜ ተለይታ ቈይታ፥ ዳግመኛ የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።