ስለ ሞላ ስሌትና ስለ እውነተኛ ሚዛን

ሞላ ማለት ከአረብ ብረት ሽቦ ተጠምጥሞ የሚሠራ፥ ሲስቡት የሚረዝም፥ ሲጫኑት የሚያጥር፥ ሲለቁት ግን ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለስ መሣሪያ ነው። በአልጋ፥ በመኪናና በበር ቁልፍ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ግን በገበያ በሚንጠለጠለው ሚዛን ውስጥ ያለውን ሞላ ነው፤ በእርሱ ስሕተት ሻጭም ገዥም ይጎዳልና።

የሞላ ሕግ። ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የሞላ መለጠጥ በሚስበው ኃይል ልክ መሆኑን ገለጸ። ይኸውም 1 ኪሎ 5 ሚሊሜትር ከሳበው፥ 2 ኪሎ 10 ሚሊሜትር ይስበዋል ማለት ነው። በሞላ ሚዛን ላይ ያሉት ጭረቶች እኩል ተራርቀው መሰመራቸው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ሕጉ ወሰን አለው፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሞላ ተለጥጦ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አይታመንም።

ስሌቱ። የሞላ ጥንካሬ በአራት ነገር ይታወቃል፤ በብረቱ ዓይነት፥ በሽቦው ውፍረት፥ በጥቅሉ ወርድና በዙሩ ቁጥር። ወርዱ የሚለካው ከሽቦው መካከል እስከ ማዶው ሽቦ መካከል ነው። በመጀመሪያ የሽቦውን ውፍረት በሚሊሜትር አራት ጊዜ ጽፈን እርስ በርሱ እናባዛለን፤ የተገኘውንም በብረቱ ቁጥር እናባዛለን፤ ይህም ለአረብ ብረት 79,000 ያህል ነው። ቀጥሎ ወርዱን ሦስት ጊዜ ጽፈን አባዝተን፥ ደግሞ በዙሩ ቁጥርና በ8 እናባዛለን። የፊተኛው ለኋለኛው ሲካፈል፥ ሞላውን 1 ሚሊሜትር ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል በኒውተን ይገኛል።

ምሳሌ። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር፥ ወርዱ 20 ሚሊሜትር፥ ዙሩ 10 ይሁን።
2 × 2 × 2 × 2 = 16፤ 16 × 79,000 = 1,264,000።
20 × 20 × 20 = 8,000፤ 8,000 × 10 × 8 = 640,000።
ሲካፈል 2 ኒውተን ያህል ይሆናል። የ1 ኪሎ ክብደት 9.8 ኒውተን ያህል ስለ ሆነ ሞላውን 5 ሚሊሜትር ያህል ይስበዋል።

እንግዲህ ሠሪው 2 ሚሊሜትር መስሎት 2.2 ሚሊሜትር ሽቦ ቢጠመጥም ምን ይሆናል? ውፍረቱ አራት ጊዜ ስለሚባዛ 1 ኪሎ ሞላውን የሚስበው 3.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሚዛኑም 1 ኪሎውን ቡና 680 ግራም ያህል ነው ይላል፤ ቡናውን ለመሸጥ ያመጣው ገበሬ ከሦስት እጁ አንዱን ያህል ያጣል። ሽቦው 1.8 ሚሊሜትር ቢሆን ደግሞ ሚዛኑ 1 ኪሎውን 1.5 ኪሎ ያህል ያደርገዋል፤ ገዥው ላልተቀበለው ግማሽ ኪሎ ይከፍላል። ማንም ተንኮል ሳያስብ የ0.2 ሚሊሜትር ስሕተት ይህን ሁሉ በደል ያመጣል።

ዛሬ መሐንዲሶች ይህን ስሌት በኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጽበት ይሠሩታል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሰጡትን ቁጥር ያሰላል እንጂ ሽቦውን አይለካም። ስለዚህ አስቀድሞ ሽቦውን በማይክሮሜትር መለካት፥ ከተሠራም በኋላ ሞላውን በታወቀ ክብደት መፈተን ግድ ነው።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ባዶ ዕቃ በሚዛኑ ላይ ሰቅላችሁ ጠቋሚው የቆመበትን ጻፉ፤ ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ልዩነቱን ተመልከቱ። ልዩነቱ ከ1 ኪሎ ብዙ ከራቀ፥ ሚዛኑ ሳይታረም ማንም ሊገበያይበት አይገባም።

ጥያቄ። በምሳሌው ሞላ ላይ፥ 1ኛ፥ ዙሩ 20 ቢሆን 1 ኪሎ ስንት ሚሊሜትር ይስበዋል? 2ኛ፥ ዙሩ 10 ሆኖ ወርዱ 40 ሚሊሜትር ቢሆንስ?
መልስ። 1ኛ፥ 10 ያህል። 2ኛ፥ 40 ያህል።