ከሰንቡላ ቁልቁል

ቆይ፣ ባይኖኩላሩን ገና አታንሺው። መጀመሪያ ዓይንሽ ጨለማውን ይልመድ። ከቴሌቪዥን ፊት ተነስተሽ ነው የመጣሽው፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልግሻል። ስልክሽንም ኪስሽ ክተቺው። የግድ ብርሃን ከፈለግሽ ባትሪው ያውልሽ፣ አፉ ላይ ቀይ ፌስታል በላስቲክ አስሬበታለሁ፤ ቀይ ብርሃን የለመድሽውን ጨለማ ቶሎ አያስረሳሽም። ጋቢውንም ደርቢ። ግንቦት ነው ብለሽ ሌሊቱን አትናቂው፣ ዓለም ባንክ ላይ ከመሸ በኋላ ብርዱ አጥንት ይገባል።

አሁን ፊትሽን ወደ ፉሪ መልሺ። ፀሐይ መውጫው በግራ እጅሽ ነው፣ ወጨጫ በቀኝሽ፣ እንጦጦ ከኋላሽ በግራ ትከሻሽ በኩል። ፊት ለፊትሽ ያለው ደቡብ ነው። ታች እንደ ጭጋግ ነጥቶ የሚታየው በጀሞ በኩል ያለው የኮንዶሚኒየም መብራት ነው፤ እሱን ተይው፣ የምንፈልገው ከእሱ በላይ ነው።

ቀና በይ። ከዚያም በላይ፣ አንገትሽ እስኪታጠፍ። ብቻዋን የቆመች፣ ነጭ ሆና ወደ ሰማያዊ የምታደላ ደማቅ ኮከብ አለች። ከኋላሽ በኩል ካለው ብርቱካናማ ጋር እንዳታምታቻት፤ እሱ አርክቱረስ ነው። የእኛዋ ስፓይካ ትባላለች። አያታችን በስሟ አያውቋትም፣ ቤቷን ግን ያውቁታል፦ ሰንቡላ። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያልሽ ስትቆጥሪ ስድስተኛዋ።

ከእሷ ቁልቁል ውረጂ። እጅሽን ዘርግተሽ ቡጢ ጨብጪ፤ የቡጢሽ ስፋት ሰማዩ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከስፓይካ ሦስት ቡጢ ተኩል ቀጥ ብለሽ ወደ ታች ስትለኪ ባዶ የሚመስል ቦታ ላይ ትደርሻለሽ። ትክክል መሆንሽን ለማረጋገጥ ዝቅ ብለሽ ግራና ቀኙን እዪ። በቀኝሽ በኩል አራት ከዋክብት የሠሩት የደቡብ መስቀል ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። በግራሽ ሁለት ደማቅ ከዋክብት ጎን ለጎን አሉ። እነዚህ ሁለቱ የሴንታውረስ የፊት እግሮች ናቸው፤ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ አድርገው የሳሉት የግሪኮች ኅብረ ከዋክብት ማለት ነው። በግራ ያለው አልፋ ሴንታውሪ ነው፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው የከዋክብት ቤተሰብ። ዛሬ ዓይንሽ የገባው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከአራት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነው፤ ያኔ አንቺ ሰባተኛ ክፍል ነበርሽ። በቀኝ ያለው ሐዳር ይባላል። አዎ፣ ድንቅነሽ እንደተገኘችበት የአፋሩ ሐዳር። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መገጣጠም ብቻ ነው፣ እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን አንሺው። ክርንሽን ግንቡ ላይ አስደግፊ፣ በአየር ላይ ከያዝሽው ከዋክብቱ ሁሉ ይንቀጠቀጡብሻል። መጀመሪያ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ የመሃሉን ጎማ እያዞርሽ ለግራ ዓይንሽ አስተካክዪ፤ ከዚያ ግራውን ሸፍነሽ የቀኙን ቀለበት። ይህን ማንም ስላላሳየኝ ለስድስት ወር በአንድ ዓይን ብቻ ነው ያየሁት።

ኮከብ ያልሆነ ነገር ነው የምትፈልጊው። ከዋክብት ነጥብ ናቸው፤ ይሄ ግን ነጥብ አይደለም፣ ክብ ሆኖ ጠርዙ የጠፋ ነው። በጥቁር ምጣድ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ የጣልሽው የማኛ ጤፍ ዱቄት አስቢ። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው እሱ ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ ብታዪው ደግሞ ዱቄቱ ተመልሶ ጤፍ ይሆናል፦ ከጠርዙ ጀምሮ ፍሬ ፍሬው ይለያል፣ መሃሉ ግን ሰፌድ ላይ እንደተከመረ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብት ናቸው፤ በእኛ ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ካሉት ክብ የከዋክብት ክምችቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ርቀቱ ወደ 17,000 የብርሃን ዓመት።

በጥሊሞስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ከእስክንድርያ ሆኖ ሲመዘግበው አንድ ኮከብ ነው ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ባየር የኮከብ ፊደል ሰጠው፣ ኦሜጋ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1677 ሃሊ ከቅድስት ሄለና ደሴት አይቶት ኮከብ እንዳልሆነ ለየ። ዛሬ ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ክምችትም ብቻ አይደለም ይላሉ፦ ፍኖተ ሐሊብ በጥንት ጊዜ የዋጠችው የአንድ ትንሽ ጋላክሲ እምብርት ነው፣ ዳር ዳሩ ተገፎ የቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐብል ቴሌስኮፕ በ20 ዓመት ውስጥ ያነሳቸውን ከ500 በላይ ምስሎች ደርድረው ሲመረምሩ፣ መሃሉ ላይ ሰባት ከዋክብት ከልክ ያለፈ ፍጥነት ሲሮጡ አገኙ። እንዲህ ሊያስሮጣቸው የሚችለው ቢያንስ 8,200 ፀሐይ የሚመዝን ብላክ ሆል ነው። አንቺ የምታዪው ቁንጥር ዱቄት መሃል ላይ ማለት ነው።

ስቶክሆልም ያለችው የአክስታችን ልጅ ይህን አታይም። ለእሷ በዓመት አንድ ቀንም ከአድማስ በላይ አይወጣም። የእኛ ከተማ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኦሜጋ ከአድማስ 33 ዲግሪ ከፍ ይልልናል፤ የሰሜን ኮከብም ዝቅ ብላ ከኋላችን አለች። ከሞላ ጎደል ሰማዩ ሙሉውን የእኛ ነው። ስለዚህ ቴሌስኮፕ የለኝም፣ ውጭ አገር አልተማርኩም እያልሽ ራስሽን አታሳንሺ። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የተመረቁት፣ አንድ ቀን እወስድሻለሁ። ግን አስቢው፦ እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ወደ ሴንታውረስ ለማየት በመላው አዲስ አበባ መብራት ላይ አሻግሮ ነው የሚያየው። የእነሱም ችግር የአንቺም ችግር አንድ ነው።

ለዚህ ነው መብራት ሲጠፋ አትተክዢ የምልሽ። ሻማ ከመፈለግሽ በፊት ባይኖኩላሩን ይዘሽ ውጪ። ዝናብ በዘነበ ማግስትም እንዲሁ፣ የከሰሉ ጭስና አቧራው ይታጠባል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ስለ አንድ ሌላ ጋላክሲ። ከኦሜጋ ወደ ስፓይካ መልሰሽ ግማሽ ቡጢ ያህል ከፍ ብትዪ ሴንታውረስ ኤ አለ። ከዚህ ከኮልፌ አታገኚውም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጀሞ መብራት ውስጥ ተውጧል። እኔ ያገኘሁት መንዝ፣ አያታችን ቤት ነው፤ ማግኘቴን ግን አላወቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ ላይ ፎቶውን አይቼ ነበር፦ ክብ ብርሃን፣ መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር የአቧራ መቀነት። እሱን ልፈልግ ለፋሲካ ሄድኩ። አራት ሌሊት ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፌ ተኛሁ። አራቱንም ሌሊት እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ የባይኖኩላሩ መነጽር ላይ እንደ ትንፋሽ ያለ እድፍ ታየኝ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አልለቀቀም። ትቼው አለፍኩ፣ መቀነት ያለው ክብ ብርሃን ፍለጋ። አዲስ አበባ ተመልሼ ደብተሬን ከካርታው ጋር ሳስተያይ፣ እድፍ ብዬ በእርሳስ ያጠቆርኳት ነጥብ በትክክል ሴንታውረስ ኤ ያለበት ላይ ተቀምጣለች። 12 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ ብርሃን፣ ድንቅነሽ አፋር ላይ ስትራመድ እንኳ 9 ሚሊዮኑን ጨርሶ የነበረ፣ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እኔ መነጽሬን እጠርግ ነበር። እንደገና ለማየት አንድ ዓመት ጠበቅሁ።

ሚጣዬ፣ እሱን ነው የምለምንሽ። ፎቶውን አትፈልጊ። ፎቶው ረጅም ሰዓት ብርሃን ያጠራቀመ የካሜራ ሥራ ነው፤ የአንቺ ዓይን የሚያየው ግራጫ ነው፣ ፈዛዛ ነው፣ አንዳንዴም ያለ ይመስልና ይጠፋል። ፊት ለፊት አፍጥጠሽ አትዪው፣ ትንሽ ወደ ጎኑ እዪ፤ የዓይናችን ዳር ከመሃሉ ይልቅ ጨለማ ይችላል። ያየሽውንም እንዳየሽው ጻፊ። ያላየሽውን መቀነት አትሳዪ። እ.ኤ.አ. በ1826 ደንሎፕ ከአውስትራሊያ፣ ከፓራማታ፣ ይህን ጋላክሲ መጀመሪያ ሲመዘግብ ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ያለው ዓይኑና ወረቀቱ ነበር።

ከእሱ ሌላም አለ። ኤንጂሲ 4945 ጎኑን የሰጠን ጋላክሲ ነው፣ ለእሱ ግን ጥሩ ቴሌስኮፕ ይጠይቃል፤ ለጊዜው እርሺው። ከመስቀሉ በስተቀኝ፣ በእሱ ቁመት ገደማ ያለው ኤንጂሲ 3766 ግን በዚህችው ባይኖኩላር የሚታይ የወጣት ከዋክብት ክምችት ነው። ፈረንሳዊው ላካይ በ1750ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ መዝግቦታል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ጥርት ያለ ሌሊት ጠብቂለት።

ሰዓቱን ደግሞ እንዳትሳሳቺ። ከዋክብት በየቀኑ አራት ደቂቃ፣ በወር ሁለት ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ። ዛሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያገኘሽው ኦሜጋ ሚያዝያ መግቢያ ላይ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነበር እዚህ የሚቆመው፤ የካቲት መግቢያ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ሊሆን ሲል። ሰኔ ሲገባ ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ትጋርደዋለች። ለገና ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ግን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ተመልሶ ታገኚዋለሽ። ፋሲካ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ስለሚውል ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ጨረቃ አትለቅሽም፤ የዳግም ትንሣኤ ሰሞን ምሽቱ ያንቺ ነው። ከፎቁ ያሉት ጎረቤቶቻችን ለሱሁር ሲነሱም ተጠቀሚበት፦ ረመዳን ሲገባና ሲወጣ ጨረቃ የለችም።

እነሱን ካነሳሁ አይቀር፣ በባይኖኩላር ማታ ማታ እዚህ መቆምሽን ለሁሉም ንገሪ። ሰው ቤት የምታዪ መስሏቸው ቅር እንዳይላቸው። ጥሪያቸው፣ አሳያቸው። ባለፈው የታች ግቢዋ እማማ መስቀሉን ሳሳያቸው አማተቡ፣ ከዚያ ወዲህ ደመና ሲገፈፍ ጠርተው የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ብቻሽን ከግቢ አትውጪ፤ የጅቡን ድምፅ ትሰሚዋለሽ፣ ከጅቡም ይልቅ ሰው ነው የሚያሰጋኝ።

«ኮከቤን ቁጠሪልኝ» የሚልሽም አይጠፋም። አትሳቂበት። የእሱንና የእናቱን ስም ደምሮ የሚያሰላው አውደ ነገሥት ሌላ ነው፣ የአንቺ ሌላ፤ ይህን በትሕትና ንገሪውና ባይኖኩላሩን ስጪው። እ.ኤ.አ. በ2019 አገራችን አንድ ኮከብ እንድትሰይም ዕድል ሲደርሳት ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባለ። ይህን ስትነግሪው ፊቱ ሲበራ ታያለሽ።

ቆይ፣ ቆምሽ። እጅሽ ቆመ። አገኘሽው?

ለእኔ አትንገሪኝ፤ እኔ ከነገርኩሽ ዱቄት ጋር ታምታቺዋለሽ። ደብተሩ ያውልሽ። ሲኒዋን ገልብጠሽ ዙሪያዋን በእርሳስ ክበቢ፣ ባይኖኩላሩ የሚያሳይሽ ክብ እሱ ነው። ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ከዚያ ያየሽውን ብቻ፣ የት ጋ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ። አትቸኩዪ፣ ደመናው ገና ወጨጫ ላይ ነው።

ስትጨርሺ ባይኖኩላሩን አቀብዪኝ። ዘንድሮ እኔም ገና አላየሁትም።