ገንዳው የጠማው ኬሚካል አይደለም

ላስ ቬጋስ ውስጥ ቤት የገዛ የሀገራችን ሰው ብዙ ነው። ጓሮው ላይ ፑል ያለውም ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያው ሰመር ደስታ ነው፤ ልጆች ይዘላሉ፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሥጋ ይጠበሳል። በሁለተኛው ሰመር ግን ቡና ላይ ጨዋታው ይለወጣል። «ኧረ ይሄ ፑል ኬሚካል ጠጥቶ አይጠግብም!» ክሎሪን ማታ ይጨመራል፣ በማግስቱ የለም። ውሃው ይጎድላል፣ ይሞላል፣ ደግሞ ይጎድላል። ቅዳሜ ለአስቤዛ የወጣ አባወራ አንድ ባልዲ ሙሉ የክሎሪን ታብሌት ታቅፎ ይመለሳል።

እንግዲህ ደስ የሚል ወሬ ልንገራችሁ። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ለክቶ የሚጨምር ሰው ከጎረቤቱ ባነሰ ውሃና ባነሰ ክሎሪን የጠራ ገንዳ ይኖረዋል። ኬሚስት መሆን አይጠበቅበትም። በፈረቃ ሌሊት ተነስቶ በርሜል የሞላ፣ የልብስ እጣቢውን ውሃ ለወለል ያዋለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ቁጠባን ከማንም አይማርም። ያንን ልማድ እስከ ጓሮው ድረስ ይዞት መውጣት ብቻ ነው የቀረው።

እስቲ በምናውቀው መስፈሪያ፣ በጀሪካን እናስላው። 15 በ30 ጫማ የሆነ ገንዳ ላዩ 450 ካሬ ጫማ ነው። በዚያ በረሃ ሙቀትና ነፋስ በቀን ሩብ ኢንች ብቻ ተነነ እንበል። ወደ 70 ጋሎን፣ ማለትም 265 ሊትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 13 ሞልቶ ይተርፋል፤ ያውም በየቀኑ፣ ማንም ሳይዋኝበት። በወር ወደ 8,000 ሊትር ይጠጋል።

ላስ ቬጋስ ላይ ይህ ትነት ከሌላ ከተማ ይልቅ የሚከነክንበት ምክንያት አለ። የከተማዋ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሁቨር ግድብ ከተያዘው ከሚድ ሐይቅ የሚመጣ ነው። ሐይቁ በ2022 በጋ በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በመኖሪያ ቤቶች አዲስ የሚሠራ ገንዳ ከ600 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ። በእቃ ማጠቢያና በሻወር ወደ ፍሳሽ መስመር የሚገባው ውሃ ግን ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ወደ ሰማይ የተነነው አይመለስም። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ እዚያ ከተማ ሻወሩን ከሚያሳጥር ሰው ይልቅ ገንዳውን የሚሸፍን ሰው ለከተማው ይበልጥ ይጠቅማል።

ሽፋን ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉም ነገር በፊት የምመክረው እሱን ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የገንዳ ሽፋን ለመሙያ የሚያስፈልገውን ውሃ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ የኬሚካል ፍጆታን ደግሞ ከ35 እስከ 60 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። በአንድ ዕቃ ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ ነገር ለገንዳ አላውቅም። ትነትን ይይዛል፣ ክሎሪን የሚበላውን ፀሐይ ይጋርዳል፣ የቅጠልና የአቧራ መግቢያ ይዘጋል። የአካባቢው የውሃ ባለሥልጣን ለሽፋን መግዣ የቅናሽ ኩፖን ሲሰጥ ኖሯልና ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። በሐምሌ ሐሩር ውሃው ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ ፈካ ያለ ቀለም ያለውን ምረጡ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላሉ ሽፋን ሕፃን አይሸከምም። ከመዋኘት በፊት ሙሉ በሙሉ ይነሳ፣ የጓሮው አጥርም ይቆለፍ።

ሽፋኑ ሌላም ውለታ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ በጎደለ ቁጥር ሲሞላ ካልሲየሙ ይከማቻል። ከዚያ የጠርዙ ሸክላ ላይ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ በመጨረሻም «ውሃውን ቀይሩት» የሚባልበት ቀን ይመጣል። ትነቱን የቀነሰ ሰው ያንን ቀን አራቀው ማለት ነው።

ውሃ የሚያስቀይረው ሌላው ነገር ያ የታቀፋችሁት የታብሌት ባልዲ ነው። አንድ የማውቃቸው ጋሼ ታብሌቱን በተንሳፋፊው ዕቃ እየሞሉ ዓመታት ኖሩ። ምቹ ነው፤ ጥለኸው ሥራህ ትሄዳለህ። አንድ ሰመር ውሃው ክሎሪን ሞልቶት ሳለ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። ጋሼም ታብሌት ጨመሩ! ናሙና ወስደው ሲያስመረምሩ ሲያኑሪክ አሲዱ፣ ማለትም ሻጮች ስታብላይዘር የሚሉት፣ ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ መቶ) አልፎ ተገኘ። ይህ ነገር በልኩ ሲሆን ወዳጅ ነው። እሱ ከሌለ የበጋ ፀሐይ አብዛኛውን ክሎሪን በሁለት ሰዓት ገደማ ትጨርሰዋለች። ከ30 እስከ 50 ፒፒኤም በቂ ነው። ነገር ግን የተለመደው ታብሌት በሟሟ ቁጥር ስታብላይዘር ይጨምራል፤ ክሎሪኑ ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ሲበዛ ክሎሪኑን አስሮ ይይዘዋል፣ ገንዳውም ኬሚካል እየጠጣ የማይጠግብ ይመስላል። ከ100 ወደ 50 ለማውረድ ያለው አስተማማኝ መንገድ የገንዳውን ግማሽ ውሃ መቀየር ነው። ለ17,000 ጋሎን ገንዳ ይህ 8,500 ጋሎን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ታብሌቱን ለጉዞ ጊዜ አስቀምጡት፤ ለዘወትር ስታብላይዘር የሌለውን ፈሳሽ ክሎሪን ተጠቀሙ። ደግሞም ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ጨምሩት። ረፋድ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ጀርሙን ሳያገኝ ፀሐይ ታገኘዋለች፤ ማታ የፈሰሰው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ያው ጠርሙስ፣ ያው ዋጋ፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ብቻ። ፓምፑ እየሠራ ይሁን፣ ኬሚካሉም ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ኬሚካሉ አይጨመር። አሲድና ክሎሪንን፣ ወይም ሁለት ዓይነት ክሎሪንን በአንድ ዕቃ ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ከአሲድ ጋር መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ግን ምን ያህል ይጨመር? በዓይን ግምት የሚጨምር ሰው ሁልጊዜ ያበዛል። ትንሿን መመርመሪያ ኪት ግዙ። ክንዳችሁን እስከ ክርን አጥልቃችሁ ከታች ውሃ ቅዱ፤ ከላይ የተቀዳው ያሳስታል። ጠብታውን ጨምሩ፣ ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያዩ፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት ልክ፣ ከ7.0 እስከ 7.8፣ ክሎሪን ቢያንስ 1 ፒፒኤም፣ ስታብላይዘር ካለ ደግሞ ቢያንስ 2 ፒፒኤም እንዲሆን ይመክራል። ፒኤቹን ችላ አትበሉት። በንጹህ ውሃ ሲሰላ ክሎሪኑ ውስጥ ጀርም የሚገድለው ክፍል በፒኤች 7.5 ግማሽ ያህል ሲሆን 8 ላይ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፒኤቹ ከፍ ብሎ ሳለ ክሎሪን የሚደርብ ሰው ገንዘቡን እየበተነ ነው።

አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለገንዳም ይሠራል። አልጌ ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ሽፋን ሆኖ ሲጀምር ብሩሽና ትንሽ ክሎሪን ይበቃዋል። ሳምንት ከቆየ ግን የወር ክሎሪናችሁን በሁለት ቀን ይበላል።

ውሃው ሸፍናችሁትም የሚጎድል ከሆነ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ባልዲ አምጡ። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሙሉትና ሽፋኑን አንስታችሁ የላይኛው ደረጃ ላይ አስቀምጡት። በባልዲው ውስጥ የውሃውን ልክ፣ ከውጭ በኩል የገንዳውን ልክ በቴፕ ምልክት አድርጉ። አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ጠብቁ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ባለሙያው የሚጠራው ያኔ ነው። ይህ ሙከራ ምንም አያስከፍልም።

የአሸዋ ማጣሪያ ያላችሁ ደግሞ በየሳምንቱ በግልባጭ ውሃ ማጠብን ተዉት። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ስንት እንደሆነ በማርከር ማጣሪያው ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ፒኤስአይ ሲጨምር ብቻ እጠቡ። በጥቂቱ የቆሸሸ አሸዋ ይበልጥ ያጣራል፣ እናንተም በመቶዎች ጋሎን ትቆጥባላችሁ። ልጆቹንም ከመግባታቸው በፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ሻወር አስወስዱ። ዓይን የሚያቃጥለው ያ «የክሎሪን ሽታ» ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚመጣ ነው እንጂ የንጽሕና ምልክት አይደለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጀምሩ አልላችሁም። ዛሬ ማታ መጀመሪያ ባልዲውን ደረጃው ላይ አስቀምጡ፣ ነገ ምሽት ውጤቱን አይታችሁ ገንዳውን ለክታችሁ ሽፋን እዘዙ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ደግሞ የታብሌቱን ባልዲ እለፉትና መመርመሪያ ኪቷን ይዛችሁ ተመለሱ።