ስለ ከተማ መናፈሻና ስለ ጠባቂዎቹ

ሰው ሁሉ ማለዳ ተነሥቶ ደጁን ይጠርጋል፤ ጥራጊውንም ወስዶ ከመንገድ ዳር ይደፋዋል። ስለ ምን በዚያ ደፋኸው ቢሉት፥ «መንገዱ የማንም አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን መንገዱ የማንም ሳይሆን ቀርቶ አይደለም፤ የሁሉ ስለ ሆነ ነው እንጂ። የሁሉ የሆነ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ፥ እንዴትስ እንደሚጠበቅ ለማወቅ፥ በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ መካከል ያለውን ሴንትራል ፓርክ የተባለውን ትልቅ መናፈሻ ታሪክ እንመልከት። በዚህ ትምህርት የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መናፈሻ ማለት ዛፍና ሣር፥ ኵሬና የእግር መንገድ ያለበት፥ ሕዝብ እየገባ ነፋስ የሚቀበልበት ስፍራ ነው። ሴንትራል ፓርክ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፥ ወርዱ 800 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱም 341 ሄክታር ነው፤ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ነው ብለን ብንቈጥር፥ ከስምንት ጋሻ ይበልጣል ማለት ነው። በዙሪያው ሰማይ የሚነካ የሚመስል ፎቅ ቤት ቆሟል። መሬት እንደ ወርቅ በሚሸጥበት ከተማ መካከል ይህን የሚያህል ሣርና ዛፍ እስከ ዛሬ ሳይሸጥ መቆየቱ የሚያስደንቅ ነው።

ስፍራው እንዲያው የበቀለ ዱር የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ ነገር ግን በሰው እጅ የተሠራ ነው። የኒውዮርክ ሕዝብ እየበዛ ቤቱም እየተጠጋጋ ሲሄድ፥ ንጹሕ ነፋስ የሚገኝበት ስፍራ ጠፋ። ዛፍና ሣር በመቃብር ስፍራ ይገኝ ነበርና፥ ብዙ ሰው ለመናፈስ ወደዚያ ይሄድ ነበር። በ1853 ዓ.ም. ለመናፈሻ የሚሆን መሬት እንዲገዛ ሕግ ወጣ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬዴሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከ30 በላይ የሆኑ ፕላኖች በቀረቡበት ውድድር አሸነፉ። ሠራተኞች ረግረጉን በቦይ አደረቁት፤ ዓለቱን በባሩድ ሰነጠቁት፤ ኵሬ ቈፈሩ፤ ዛፍም ተከሉ። ሁለቱ ሰዎች ያሰቡት አንድ ብልሃት ሊታወስ ይገባዋል፤ ይኸውም መናፈሻውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው የሚያልፉት አራት መንገዶች ከመሬቱ ዝቅ ብለው እንዲሠሩ አደረጉ። ስለዚህ ጋሪው በታች ሲያልፍ በላይ በሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አይታወክም። ዛሬ በጋሪው ፈንታ አውቶሞቢል ቢያልፍባቸውም፥ መንገዶቹ እስከ አሁን ያገለግላሉ።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። በምዕራብ በኩል ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር ነበረች። ከ1825 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቁሮች አሜሪካውያን በዚያ መሬት እየገዙ ቤት ሠሩ። በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ጥቁር ሰው በምርጫ ድምፅ ለመስጠት 250 ዶላር የሚያወጣ ርስት እንዲኖረው ሕግ ያስገድድ ስለ ነበረ፥ መሬት መግዛት ለእነርሱ ታላቅ ነገር ነበር። ኋላም ከአየርላንድ የመጡ ድኾች ስደተኞች ከእነርሱ ጋር በጕርብትና ተቀመጡ። በ1855 ዓ.ም. በመንደሪቱ 225 ያህል ሰዎች፥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና አንድ ተማሪ ቤት ይገኙ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ግን ሰዎቹ ሁሉ እንዲለቁ ታዘዙ። ለባለ ርስቶቹ ገንዘብ ተከፈላቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተከፈለን ከዋጋው ያነሰ ነው ብለው አቤት አሉ። ቤቶቹም ፈረሱ፤ ሰዎቹም ተበተኑ። ለመናፈሻው ሲባል ከየስፍራው የተነሡት ሰዎች በጠቅላላ 1,600 ያህል ነበሩ። እንግዲህ ለሁሉ ተብሎ የተሠራው መናፈሻ ሲጀመር ሁሉን አልጠየቀም። ወደዚህች መንደር ነገር ኋላ እንመለሳለን።

መናፈሻው ተከፍቶ ሕዝቡ በብዛት መግባት ጀመረ። በመካከሉ ባለ ትልቅ መስክ ላይ ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ በጎች ይሰማሩ ነበር፤ ስለዚህ መስኩ ዛሬም የበጎች መስክ ይባላል። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ኤማ ስቴቢንስ የተባለች ሴት የሠራችው ታላቅ የመልአክ ሐውልት በውኃ ገንዳ መካከል ቆመ። ሐሳቡ የተወሰደው በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ከተነገረው ከቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ነው። ከተማይቱ አስቀድማ የንጹሕ ውኃ ችግር ነበረባት፤ በ1832 ዓ.ም. ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ገድሎባታል። በ1842 ዓ.ም. ከክሮተን ወንዝ ንጹሕ ውኃ በቦይ ተስቦ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ደስ አለው። መልአኩም የቆመው የዚያ ውኃ መታሰቢያ ሆኖ ነው።

በ1934 ዓ.ም. በጎቹ ወደ ሌላ መናፈሻ ተወሰዱ፤ ቤታቸውም ምግብ ቤት ሆነ። ከዚህ ምግብ ቤት የተነሣ አንድ ጠብ መጣ። በ1956 ዓ.ም. የከተማው መናፈሻዎች ሹም ሮበርት ሞዝስ፥ ከምግብ ቤቱ አጠገብ ያለውን ልጆች የሚጫወቱበትን ስፍራ አስጠርጎ ለ80 ያህል አውቶሞቢሎች ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበ። ለሰፈሩ ሰው የነገረው ግን አልነበረም። አንድ ቀን መሐንዲሶቹ ለምሳ ሲሄዱ የፕላኑን ወረቀት ረስተው ትተውት ነበርና፥ ልጅዋን ልታጫውት የመጣች አንዲት እናት አግኝታ አነበበችው። ማንበብ መልካም ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። እናቶቹም ተጠራርተው አቤቱታ ጻፉ። መሬቱን የሚጠርገው ቡልዶዘር በመጣ ጊዜም ልጆቻቸውን ይዘው፥ የሕፃናቱን ጋሪ እየገፉ ከፊቱ ቆሙ። ሠራተኞቹም ሥራውን ትተው ሄዱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሹሙ በሌሊት ሰው ልኮ ስፍራውን በአጥር አሳጠረው። እናቶቹ ጎሕ ሲቀድ ቢመጡ ዛፎቹ እየተቈረጡ፥ ፖሊሶችም አጥሩን ከበው አገኙአቸው። ብዙዎቹ አለቀሱ። ይህም በጋዜጣ ተጽፎ ከተማው ሁሉ ተቈጣ። እናቶቹ ግን ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ እንጂ ድንጋይ አልወረወሩም፤ ፍርድ ቤቱም ሥራው እንዲቆም አዘዘ። ሞዝስ በከተማይቱ ውስጥ ብዙ ታላቅ ሥራ የሠራ፥ ከንቲባዎችም የሚፈሩት ኀይለኛ ሹም ነበር፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አሳቡን ተወ። በተቈረጡት ዛፎች ስፍራም ለልጆች መጫወቻ ተሠራ።

ነገር ግን ለአንድ ቀን ተቈጥቶ መቆም ሌላ ነው፤ በየቀኑ መጠበቅም ሌላ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ከተማይቱ ገንዘብ ጐደለባት፤ በ1975 ዓ.ም. ዕዳዋን ለመክፈል እስከማትችልበት ደረሰች። የመናፈሻውም ሠራተኛ ቍጥር ቀነሰ። ብዙ ሺሕ ሰው ለዘፈንና ለስብሰባ እየመጣ የረገጠው የበጎች መስክ ሣሩ አልቆ፥ በበጋ አቧራ በዝናብም ጭቃ ሆነ። በመልአኩ እግር ሥር ያለው ውኃ ደረቀ። አግዳሚ ወንበሩ ተሰበረ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ግንቡ በቀለም ተሞነጫጨረ። ሰውም ሲመሽ በዚያ ለማለፍ ይፈራ ጀመር። ይህን ሁሉ ያደረገ አንድ ክፉ ጠላት አይደለም። አንዱ ወረቀት ጣለ፤ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሰበረ፤ ሦስተኛው አይቶ አለፈ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ የጐዳው ሦስተኛው ነው፤ እርሱ ቍጥሩ ብዙ ነበርና።

በዚህ ጊዜ ከከተማው ሰዎች አንዳንዶቹ ማኅበር አቁመው ገንዘብ ማዋጣትና በገዛ እጃቸው መሥራት ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ባርሎው ሮጀርስ የተባለች ሴት የመናፈሻው አስተዳዳሪ ሆና ተሾመች። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ የነበሩት ማኅበሮች አንድ ሆነው፥ ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ የተባለ የጠባቂዎች ማኅበር ተመሠረተ። የበጎች መስክ አዲስ ሣር ለበሰ። በግንብ ላይ የተሞነጫጨረ ነገር ሲገኝ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲጠፋ ደንብ ተደረገ፤ ዛሬ የተጻፈው ሳይጠፋ ቢያድር ነገ ሌላው ይጨምርበታልና። ሣሩ እርጥብ ሲሆን ወይም ዕረፍት ሲያስፈልገው ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ በመስኩ ላይ አይገባም። ይህን ለሕዝቡ ማስለመድ ሣሩን ከመትከል ያላነሰ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው ግን በ1996 ዓ.ም. የተደረገው ነው። አስቀድሞ ሠራተኞቹ በካሚዮን እየዞሩ፥ አንዱ ጓድ ሣር ብቻ ያጭድ፥ አንዱም ቆሻሻ ብቻ ያነሣ ነበር። ይህ ጥግ ስለ ምን ቆሸሸ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው አልነበረም። እንግዲህ መናፈሻው በ49 ክፍል ተከፈለ፤ ለእያንዳንዱም ክፍል አንድ አትክልተኛ ተመደበ። አትክልተኛው በክፍሉ ያለውን ዛፍ፥ ቍጥቋጦና አግዳሚ ወንበር ሁሉ ያውቃል፤ ቢያምር ምስጋናው የእርሱ ነው፤ ቢበላሽም ተጠያቂው እርሱ ነው። በየማለዳው የሚያልፉት ሰዎችም እያወቁት ሰላምታ ይሰጡታል፤ የተሰበረ ነገር ሲያዩም ይነግሩታል። ብዙ ሰዎች ደግሞ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው እየመጡ ቅጠል ያነሣሉ፤ አረም ይነቅላሉ፤ እንግዳንም መንገድ ይመራሉ። እጁ በአፈር የቈሸሸበት ሰው በዚያ አፈር ላይ ወረቀት ለመጣል እንደማይደፍር የታወቀ ነው።

ጥበቃው ትዕግሥትም ይጠይቃል። በመልአኩ አጠገብ ከደረጃው በታች፥ ጣሪያው ከእንግሊዝ አገር በመጣ ባለ ሥዕል ስስ ሸክላ የተሸፈነ አዳራሽ አለ፤ የሸክላው ቍጥር ከ15,000 ይበልጣል። ዝናብ ሰርጎ የያዛቸውን ብረት ስላዛገው፥ እንዳይወድቁ በ1980ዎቹ ዓመታት ሁሉም ወርደው በዕቃ ቤት ተቀመጡ። ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ቆዩ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ተገኝቶ እያንዳንዱ ሸክላ ታጠበ፤ የተሰበረውም ተጠገነ፤ በ2007 ዓ.ም. ሸክላዎቹ ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ። እንዲሁም በረጅሙ የእግር መንገድ ግራና ቀኝ የተተከሉትን ኤልም የሚባሉትን ዛፎች ጥንዚዛ የሚያመጣው በሽታ ስለሚያደርቃቸው፥ ሠራተኞች እየተመላለሱ ይመረምሩአቸዋል፤ በሽታ ያገኘውንም ቅርንጫፍ ቶሎ ይቈርጣሉ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ነው፤ አብዛኛውንም የሚያመጣው ማኅበሩ ከሰው ለምኖ ነው። የሚሰጡትም ከመናፈሻው ዙሪያ የሚኖሩ ባለጠጎች ብቻ አይደሉም፤ ጥቂት ዶላር የሚሰጥም ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን፥ ባለጠጋ በአጠገቡ የሌለው መናፈሻ ምን ይሁን? ደግሞስ ብዙ ገንዘብ የሰጠ ሰው እንደ ጌታ ላዝዝ ቢልስ? ብለው የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ነቀፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በድኻ ሰፈር ያለው መናፈሻ እንዲህ ያለ ረዳት በቀላሉ አያገኝምና። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንዲሆን በ1998 ዓ.ም. ከተማውና ማኅበሩ ውል ተዋዋሉ፤ መሬቱ የከተማው ሕዝብ እንደ ሆነ ይኖራል፤ ሕጉንም የሚያወጣው ከተማው ነው፤ የማኅበሩ ድርሻ መሥራትና መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሴኔካ ቪሌጅ እንመለስ። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው በዚያ ሣር ላይ ሲቀመጥ፥ ከሥሩ መንደር እንደ ነበረች የሚያስታውስ እምብዛም አልነበረም። ኋላ ግን የታሪክ ሰዎች የድሮውን ካርታና መዝገብ እያገላበጡ የመንደሪቱን ነገር ገለጡ፤ የከተማውም ሰዎች ሊቃውንቱን እየረዱ ነገሩ እንዳይረሳ አደረጉ። በ2001 ዓ.ም. ስለ መንደሪቱ የሚናገር ጽሑፍ በስፍራው ቆመ። በ2011 ዓ.ም. መምህራንና ተማሪዎች ከመናፈሻው ጠባቂዎች ፈቃድ ተቀብለው መሬቱን በጥንቃቄ ቈፈሩ። የቤት መሠረት ድንጋይ፥ የሻይ ማፍያ ብረት ጀበና፥ የተሰበረ የሸክላ ሳህንና ሌላም የቤት ዕቃ አገኙ። ከዚያም ሁሉ ጋር ታችዋ ቈዳ፥ ላይዋ ጨርቅ የሆነች አንዲት ትንሽ ጫማ ወጣች። ጕድጓዱን መልሰው ደፈኑት፤ ሣሩም እንደ ቀድሞው በላዩ በቀለ፤ አትክልተኛውም እንደ ሌላው ክፍል ሁሉ በየማለዳው ይጠብቀዋል።