የሰኞው ስብሰባ ስንት ብር ፈጀ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስብሰባ ወጪ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ውኃውና ሻዩ ነው። መስተንግዶው በሒሳብ መደብ 6233፣ ውሎ አበሉ በ6231 ይመዘገባል፤ ደረሰኝ ስላለው ኦዲተርም ይጠይቅበታል። በየሳምንቱ በሚደረገው መደበኛ ስብሰባ ግን ትልቁ ወጪ የተሰብሳቢው ሰዓት ነው፤ እሱ ደመወዝ ውስጥ ተቀብሮ ያልፋል። አውጥቶ ለማየት የደመወዝ መክፈያ ሊስትና ካልኩሌተር ይበቃል።

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋ አውጡ። መነሻችሁ እጅ ላይ የሚደርሰው ሳይሆን ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበት ደመወዝ ነው። መንግሥት ለሠራተኛው ጡረታ የሚያዋጣውን 11 በመቶ ጨምሩበት። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት ስለሆነ በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ስታካፍሉ በወር 169 ሰዓት ይመጣል። ለምሳሌ አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል፤ ከጡረታው ጋር 13,320፣ ለ169 ሲካፈል 79 ብር ገደማ በሰዓት። የዓመት ፈቃድና በዓላት ቢቀነሱ ዋጋው ከዚህም ይጨምራል፤ ለግምት ግን ይኼ ይበቃል።

ስሌቱን በስም አትሥሩት። ኃላፊዎች፣ ቡድን መሪዎች፣ ባለሙያዎች፣ ድጋፍ ሰጪዎች ብላችሁ በአማካይ መድቡ። የሰው ደመወዝ መድረክ ላይ ከወጣ ወሬው እሱ ይሆንና ስሌቱ ይረሳል።

ቀጥሎ ሰዓቱን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈውን ያምናል። ጥሪው 2፡30 ብሎ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ 3፡00 ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓቱም ተከፍሎበታል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይብሳል፦ 11፡00 ላይ የተበተነ ሰው 11፡30 ሰርቪስ እስኪነሣ ፋይል አይከፍትም። ስለዚህ የምትቆጥሩት ሰው ከጠረጴዛው ከተነሣበት ተመልሶ ሥራ እስከጀመረበት ድረስ ነው። ሪፖርትና ስላይድ ሲያዘጋጅ የዋለው ባለሙያ ሰዓትም ይጨመር።

አሁን አባዙ። 25 ሰው፣ 3 ሰዓት፣ በ79 ብር፦ 5,925 ብር። በየሳምንቱ ከሆነ፣ 48 ሳምንት ብቻ እንኳ ቢያዝ በዓመት 284,400 ብር። ውሎ አበል፣ ነዳጅ፣ የአዳራሽ ኪራይና መስተንግዶ ካለ ከላዩ ይደመር።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ የተመለሰውን ባለጉዳይ በብር ለመተመን አትድከሙ፤ ግምት ብቻ ይሆናል። ጥበቃው ወይም መረጃ ዴስኩ ስንት ሰው እንደተመለሰ ይቁጠር፤ ቁጥሩም ከብሩ ጎን ይጻፍ።

ውጤቱ ለወቀሳ ሳይሆን ለቀጣዩ ጥሪ ይዋል፤ አጀንዳው ሥር ይስፈር። ለውሳኔው የሚያስፈልጉት ከ25ቱ አምስቱ ብቻ ከሆኑ፣ የዚያው ስብሰባ ዋጋ 1,185 ብር ነው።