ንባብን ልማድ ስለ ማድረግ
(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት)

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው የአገራችንን እምነት ጥንታዊነት ለማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ንባብም ሦስት ቁም ነገሮች ያስተምረናል። አንደኛ፣ ሰውየው በንግሥቲቱ ሀብት ሁሉ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ለንባብ ጊዜ አላጣም፤ የመንገዱን ሰዓት ለመጽሐፍ አዋለው። ሁለተኛ፣ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ስለ ነበር ፊልጶስ ሊሰማው ቻለ። ሦስተኛ፣ ያልገባውን እንደ ገባው አላስመሰለም፤ የሚያስረዳውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ጠየቀ። እንዲህ ያለው ንባብ ወደ ጥምቀት አደረሰው።

ስለዚህ ማንበብ መቻልና አንባቢ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይደለም። ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ፈተና ካበቃ በኋላ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበን አናውቅም። ጉዳዩ በተለይ ትምህርተ ክርስቶስ ለሚያስተምሩ ከባድ ነው። የማያነብ መምህር ከዓመታት በፊት የሰማውን ብቻ በየዓመቱ ይደግማል። ልጆቹ ግን ሲያድጉ ጥያቄያቸውም አብሮ ያድጋል። ለጥያቄው መልስ ያጣ ወጣት ብዙውን ጊዜ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይቀራል፣ ወይም ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ስለ መለኮታዊ ግልጸት በሚናገረው ሰነድ፣ ካህናትን፣ ዲያቆናትንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ለይቶ በመጥቀስ ቅዱሳት መጻሕፍትን በትጋት እንዲያነቡና እንዲያጠኑ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉን በውስጡ ያልሰማ ሰው ለሌላው የሚያሰማው ባዶ ድምፅ ብቻ ይሆናልና።

የቅዱሳን ምሳሌ

በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ በነዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት፣ ምዕራፍ 48 ላይ፣ የሥራና የንባብ ሰዓት ለይቶ ወስኗል። በዐቢይ ጾም መግቢያም እያንዳንዱ መነኩሴ አንድ መጽሐፍ ተቀብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እንዲያነብ አዟል። ዐሥር መጽሐፍ ከመነካካት አንዱን መፈጸም እንደሚበልጥ ከዚህ እንማራለን።

ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ እግሩን በመድፍ ተመትቶ በተኛበት ወቅት፣ ጊዜውን ለማሳለፍ የጀግኖችን ተረት ፈለገ። በቤቱ ግን የተገኙት የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል የሚተርኩ መጻሕፍት ነበሩ። እነርሱን ሲያነብ ልቡ ውስጥ የሚሆነውን አስተዋለ፤ የዓለሙ ሐሳብ ለጊዜው ደስ አሰኝቶት በኋላ ባዶ ሲያደርገው፣ የቅዱሳኑ ሐሳብ ግን ካለፈም በኋላ ደስታው ይጸናለት ነበር። ካነበበውም መርጦ የጌታን ቃላት በቀይ፣ የእመቤታችንን በሰማያዊ ቀለም በደብተር ገለበጠ። በብራና መጻሕፍቶቻችን ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ሲጻፉ ለምናይ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከአገራችንም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አሉ። በጎጃም መርጡለ ማርያም ገዳም የተማሩት እኚህ መነኩሴ ስለ ምንኩስና ሕይወት የሚናገሩ መጻሕፍትን ለመመርመር ከገዳም ወደ ገዳም ተጉዘዋል። እውነትን ፍለጋቸው እ.ኤ.አ. በ1841 ከአቡነ ያዕቆብ (ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ) ጋር እስከ ሮም አደረሳቸው። በ1844 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። መጽሐፍን የመረመሩት ለክርክር ብቻ ሳይሆን ሊኖሩበት ነበር፤ ስለ እርሱም ዋጋ ከፍለዋል።

ልማዱ እንዴት ይጀመራል?

1. ሰዓት መወሰን። «ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ንባቡ ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ይያያዝ፦ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት 15 ደቂቃ ይበቃል። በዚያች ሰዓት የእጅ ስልክ ከአጠገብ ይራቅ።

2. በመጠን ማንበብ። ሐዲስ ኪዳን 260 ምዕራፎች አሉት። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው በ52 ሳምንት ይፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም 2865 አንቀጾች ስላሉት በቀን 8 አንቀጽ ቢነበብ በአንድ ዓመት ያልቃል።

3. ያቋረጡትን መቀጠል። አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው እንደ ገና ከመጀመሪያው ልጀምር ወይም ያለፈውን በአንድ ቀን ላካክስ አይበል፤ ካቆመበት ይቀጥል።

ከንባብ ፍሬ ለማግኘት

አባቶቻችን ዳዊትን «አነበብሁ» ሳይሆን «ደገምሁ» ይላሉ። ቃሉ ራሱ መልካም ንባብ የሚደጋገም መሆኑን ያሳያል። በ12ኛው መቶ ዘመን የካርቱዚያን መነኩሴ የነበረው ዳግማዊ ጊጎ መንፈሳዊ ንባብን በአራት ደረጃ መሰላል መስሎታል፤ እነርሱም ንባብ፣ ማሰላሰል፣ ጸሎትና ተመስጦ ናቸው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ ንባቡ ወደ ተግባር ካልደረሰ እንዳልተፈጸመ አስገንዝበዋል።

ስለዚህ አንድን ክፍል መጀመሪያ አሰምተን፣ ቀጥሎ በዝግታ እናንብብ። አንድ ደብተር አዘጋጅተንም ሦስት ነገሮች እንጻፍ፦ መጽሐፉ ምን አለ? (በራሳችን አነጋገር በሁለት ወይም በሦስት መስመር)፤ ያልገባኝ ምንድን ነው? ዛሬ ምን እንዳደርግ ይጠይቀኛል? ያልገባንን ይዘን ወደ ቆሞሱ ወይም ወደ ሚያውቅ ሰው እንሂድ። ያነበብነውን በዚያው ሳምንት ለአንድ ሰው እንንገር፤ ልንናገረው ያልቻልነውን ገና አልያዝነውምና።

ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ የተጻፉ መጻሕፍትና መልካም ልብ ወለዶችም አእምሮን ያሰፋሉ። ሆኖም ታትሞ የወጣ ሁሉ እውነት አይደለም። ማን ጻፈው? በምን ማስረጃ? ብሎ መጠየቅ ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ምእመናን ሁሉን እንዲመረምሩ ከመከረው ምክር ጋር ይስማማል።

በቤተ ሰብና በቁምስና

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ከዚህ በረከት የተለዩ አይደሉም። የዮሐንስ ራእይ በመግቢያው ብፅዕናን የሚሰጠው ለሚያነበው ብቻ ሳይሆን ለሚሰሙትም ነው። ልጅ ለአያቱ ቢያነብ፣ አያትም ከሕይወታቸው ቢያስረዱት ሁለቱም ይማራሉ። መጻሕፍት በሣጥን ተቆልፎባቸው የሚገኙበት ቁምስናም ካለ፣ ቁልፉን ለአንድ ታማኝ ወጣት ሰጥቶ በመዝገብ እያስፈረመ እንዲያውስ ማድረግ ይቻላል። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ያሳዝናል፤ ሁሉም ሳይነበቡ በምስጥ ቢበሉ ግን የበለጠ ያሳዝናል።

የሦስት ወር ተግባር

የሉቃስ ወንጌል 24፣ የሐዋርያት ሥራ 28 ምዕራፎች አሏቸው፤ በአንድነት 52 ናቸው። በሳምንት አራት ምዕራፍ ብናነብ በ13 ሳምንት፣ ማለት በሦስት ወር፣ ሁለቱንም እንፈጽማለን። ከቤተ ሰብ ወይም ከማኅበር አባላት ጋር ተስማምተን በዚህ እሑድ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀኑ ውስጥ ለንባብ ልትለዩት የምትችሉት 15 ደቂቃ የትኛው ነው?
2. ከምታስተምሯቸው ልጆች መልስ ያልሰጣችሁት ጥያቄ አለ? መልሱን በየትኛው መጽሐፍ ትፈልጉታላችሁ?
3. በቁምስናችሁ ያሉትን መጻሕፍት ማን ይጠብቃቸዋል? ማንስ ያነባቸዋል?

ለጃንደረባው ፊልጶስን የላከ መንፈስ ቅዱስ ለእኛም አስተዋይ ልብ ይስጠን። አሜን።